ከፊት መሆን የነበረባት መሰላል

ይህን ነገር መጻፍ ተገቢ መሆኑን አሁንም እጠራጠራለሁ። ሰው አልሞተበትም፣ ቤት አልፈረሰበትም። በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ፣ በአንዲት መስመር ላይ፣ ከፊት መቀመጥ የነበረባትን ምልክት ከኋላ አስቀመጥኩ፤ ነገሩ ይኸው ነው። ለእናቴ ላስረዳት ስሞክር "እና ለዚህ ነው ምግብ የተውሽው?" ብላ ገርሟት አይታኛለች። ግን በዚያች ምልክት የተነሳ አንዲት ልጅ በሰው ፊት ውሸታም ተባለች። ውሸታም አለመሆኗን እኔ አውቅ ነበር፤ አውቄም ዝም አልኩ። የምጽፈው ስለዚያ ዝምታ ነው።

ሮቤ፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ቤተሰቦቼ ያሉት ጎባ ነው፤ ሚኒባስ ውስጥ የተጀመረ ወሬ ሳያልቅ የሚደረስበት ቅርብ ቦታ ነው። ቢሆንም የምኖረው ግቢ ውስጥ፣ ዶርም ነው። መምህር ጥያቄውን ሳይጨርስ እጄን የማወጣ፣ ሰው ዕቃ ይዞ ሲመጣ ሮጬ የምቀበል ዓይነት ነኝ። አንድ ሰው "ጎበዝ" ካለኝ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ እውላለሁ። የኮምፒውተር ክፍሉን ቴክኒሻንም የተጠጋኋቸው በዚሁ ጠባዬ ነው። አንድ ቀን ኬብል ሲጠቀልሉ አገኘኋቸውና "ላግዝዎት ጋሼ?" አልኳቸው፤ ከዚያ ቀን በኋላ ትርፍ ሰዓቴን ሁሉ እዚያ አሳልፍ ጀመር።

ቴክኒሻኑ ከጎጃም መጥተው ሮቤ ብዙ ዓመት የኖሩ፣ ጠና ያሉ ሰው ናቸው። ኦሮምኛ አቀላጥፈው ይናገራሉ፤ ሲናደዱ ብቻ ወደ አገራቸው አማርኛ ይመለሳሉ። ሲያስተምሩ አይቸኩሉም። ስለ ስምና ስለ ቁጥር ያስተማሩኝን ቀን ከነቃላቸው አስታውሰዋለሁ።

"ኮምፒውተር ስም አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥር ነው" አሉኝ። "አንቺ የሬጅስትራሩን ገጽ በስሙ ትጠሪዋለሽ። እሱ ግን መጀመሪያ የስሙን ቁጥር ፈልጎ ማግኘት አለበት። ቁጥሩን የሚነግረው ሌላ ማሽን አለ። እሱን ከመጠየቁ በፊት ታዲያ የራሱን ኪስ ይፈትሻል።"

"ኪስ አለው እንዴ ጋሼ?"

"አለው እንጂ። ሆስትስ የምትባል ትንሽ ፋይል ናት። እዚያ ውስጥ ስሙን ከነቁጥሩ ተጽፎ ካገኘው ሌላ ማንንም አይጠይቅም። ይዞት ይሄዳል።"

"የተጻፈው ስህተት ቢሆንስ?"

"በስህተቱ ይሄዳላ! ደግሞ ደረቱን ነፍቶ ነው የሚሄደው። እንደ አንዳንድ ሰው።" ሳቁ። እኔም ሳቅኩ።

መጋቢት ላይ የዲፓርትመንት ምርጫ ደረሰ። በየትኛው ትምህርት እንደምንቀጥል የምንመርጥበት ነው፤ ቅጹ የሚሞላው በሬጅስትራሩ ገጽ ላይ ነበር። ቴክኒሻኑ ቅጹ ከመከፈቱ በፊት መሞከሪያ የሚሆን የገጹን ግልባጭ በአንድ አሮጌ ማሽን ላይ አዘጋጁ። ግልባጩ ከእውነተኛው ጋር አንድ ነው፤ መልኩም ቀለሙም ልዩነት የለውም። ለሙከራ የመረጡት በመስኮቱ በኩል ያለውን ኮምፒውተር ነበር። በዚያ ኮምፒውተር ሆስትስ ፋይል ውስጥ አንዲት መስመር እንድጽፍ አዘዙኝ፤ መጀመሪያ የአሮጌው ማሽን ቁጥር፣ ቀጥሎ የሬጅስትራሩ ገጽ ስም። የመስኮቱ ኮምፒውተር በስሙ የሬጅስትራሩን ገጽ ሲጠራ፣ የሚደርሰው አሮጌው ማሽን ላይ ያለው ግልባጭ ጋ ሆነ። ሌሎቹ ኮምፒውተሮችና የተማሪዎች ስልኮች እንደ ወትሮው ወደ እውነተኛው ይሄዳሉ።

በሕይወቴ የጻፍኳት የመጀመሪያዋ እንዲህ ያለች መስመር ናት። ስትሠራ ሳያት እጄን አጨበጨብኩ።

ምርጫው ሊከፈት አንድ ቀን ሲቀረው ቴክኒሻኑ የዘመድ ለቅሶ ገጥሟቸው በአውቶቡስ ወደ አገራቸው ተነሱ። ከመንገድ ደወሉልኝ። የመኪናው ድምፅና የተሳፋሪው ጫጫታ ይሰማል።

"ሄሎ! ትሰሚኛለሽ? ዲንሾ ደርሰናል፣ አሁን ኔትወርክ ይጠፋል።"

"እሰማዎታለሁ ጋሼ።"

"ያቺን የመስኮቱን መስመር ሳልዘጋት ረስቼ ወጣሁ። ጥበቃውን ክፍሉን አስከፍቺና መሰላል አድርጊባት።"

"መሰላል?"

"መሰላል! ስልክ ላይ ያለችው! እሷን ካደረግሽባት ኮምፒውተሩ መስመሯን አያነባትም። ከ..."

ተቋረጠ። ደግሜ ደወልኩ፤ አይገባም። ልጠብቅ እችል ነበር። ማታ ሲያርፉ መደወልም ይቻል ነበር። እኔ ግን ቶሎ ጨርሼ "ጎበዝ" መባል ፈለግኩ።

መሰላልን ደግሞ አውቃታለሁ ብዬ አምን ነበር። እዚህ አገር ስልክ የያዘ ሰው ሁሉ ያውቃታል። ካርድ ሲሞላም፣ ቀሪ ሂሳብ ሲያይም፣ ኮከብ ከፊት፣ ቁጥሩ መሀል፣ መሰላል መጨረሻ። አባቴ ራሱ ካርድ ሲሞላ "በመሰላል ዝጊያት" ይለኛል። ቴክኒሻኑም "ሳልዘጋት ረስቼ" ነው ያሉት። ስለዚህ ክፍሉን አስከፍቼ፣ ፋይሉን ከፍቼ፣ በመስመሯ መጨረሻ ላይ አንዲት መሰላል አስቀመጥኩ። ዘጋኋት።

ኮምፒውተሩ የሚተወው ግን ከመሰላሏ በኋላ ያለውን ነው። ከእኔ መሰላል በኋላ ምንም አልነበረም። ከፊቷ ያለው ቁጥርና ስም እንደነበረ ይነበብ ነበር።

ለማጣራት የሬጅስትራሩን ገጽ ከፈትኩ። ተከፈተ። አረንጓዴው አርማ፣ ቅጹ፣ ሁሉም በቦታው ነው። "ጨርሻለሁ ጋሼ፣ በሰላም ይግቡ" ብዬ መልእክት ላክሁ። በማግስቱ "ጎበዝ" የሚል መልስ መጣልኝ። ያን መልእክት እስካሁን አላጠፋሁትም።

ከእኔ በላይ ባለው አልጋ የምትተኛው የዶርም ጓደኛዬ ከሃረና የመጣች ናት። መንደራቸው ጫካው ውስጥ ነው፤ ቡና ይለቅማሉ፣ ቀፎ ይሰቅላሉ። ምጥ የጠናባት ሴት እስከ ደሎ መና ጤና ጣቢያ በሰው ትከሻ ነው የምትወሰደው። ጓደኛዬ ትንሽ ልጅ ሳለች እናቷ እንዲያ ስትወሰድ ከኋላ እየሮጠች ተከትላለች። ሕፃኑ አልተረፈም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፤ አዋላጅ ነርስ መሆን። ውጤቷም ይበቃት ነበር። የስልኳ ስክሪን ተሰብሮ ከመደወልና ከመቀበል በቀር አይሠራም። ሌላው ሁሉ በስልኩ ሲሞላ እሷ የኮምፒውተር ክፍሉን መጠቀም ነበረባት።

ሮቤ ጠዋት ጠዋት ብርዱ ጣት ያደነዝዛል። በክፍሉ ውስጥ ፀሐይ የሚገባው በመስኮቱ በኩል ብቻ ነው። ቀደም ብዬ ሄጄ ሻርፔን የመስኮቱ ኮምፒውተር ላይ ጣል አድርጌ ያዝኩላት።

"ነይ፣ ፀሐይ ያለበትን ይዤልሻለሁ" አልኳት።

እጇን እያሸች ተቀመጠች። "አቦ፣ አንቺ ባትኖሪ በደረቀ ጣቴ ስታቲስቲክስን ነክቼ እወጣ ነበር" አለች። ለሌላ ሥራ የመጡ ያጠገባችን ልጆች ሳቁ።

ሚድዋይፈሪን አንደኛ አድርጋ ሞላች። ሦስት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ "አንቺ ላኪው፣ እጅሽ ይቀናዋል" አለችኝ። ተጫንኩት። "ምርጫዎ ተመዝግቧል" የሚል አረንጓዴ ጽሑፍ ወጣ።

"አልሐምዱሊላህ" አለች፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። እኔ ደግሞ ትልቅ ውለታ እንደዋለ ሰው ተኩራርቼ ወጣሁ።

ምደባው የወጣው ከሳምንታት በኋላ ነው። የእሷ ስም የሚገኘው ቅጽ ያልሞሉት ዝርዝር ውስጥ ነበር። ያልሞሉት ቦታ ወደ ተረፈበት ተመድበዋል። እሷን ስታቲስቲክስ ሰጧት።

እሷ ገና ዝርዝሩን በጣቷ እየተከተለች ነበር፤ እኔ ግን ያቺን የመስኮቱን መስመር አስታወስኩ። ሽንት ቤት እንደምሄድ ነግሬያት ወደ ኮምፒውተር ክፍሉ ሮጥኩ። የመስኮቱን ኮምፒውተር ፋይል ከፈትኩ። ከላይ ያሉት የማብራሪያ መስመሮች ሁሉ መሰላላቸው ከፊት ነው። የእኔ ብቻ ከኋላ ናት። ቴክኒሻኑ ስልኩ ሲቋረጥ "ከ..." ያሉት "ከፊት" ሊሉ እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። ጓደኛዬ ቅጹን የሞላችው ግልባጩ ላይ ነበር። ግልባጩ ተቀብሏታል፤ እውነተኛው ግን አያውቃትም።

እዚህ ድረስ ያለው ስህተት ነው። ቀጥሎ ያደረግኩት ግን ስህተት አልነበረም። መሰላሏን ከኋላ አጥፍቼ ከፊት አስቀመጥኳት። አስቀመጥኩ፣ ዘጋሁ፣ ወንበሩን ወደ ቦታው መለስኩ። ማንም ቢመረምር ምንም አያገኝም።

ስመለስ ጓደኛዬ ክንዴን ይዛ ወደ ሬጅስትራሩ መስኮት ወሰደችኝ። ሠራተኛዋ ኮምፒውተሯን ሁለት ጊዜ አየች።

"አልሞላሽም እህቴ።"

"ሞልቻለሁ፣ ወላሂ! ተመዝግቧል አለኝ፣ አረንጓዴ ሆነ።"

"ዛሬ የመጣው ሁሉ 'አረንጓዴ ሆነልኝ' ነው የሚለው። ረስተሽው ከሆነ ረሳሁ በይ። መዋሸት ግን ጥሩ አይደለም።"

"አልዋሸሁም! ይቺ አጠገቤ ነበረች።" ወደ እኔ ዞረች። "አይተሻል አይደል? አንቺ አይደለሽ የላክሽው?"

ሠራተኛዋም ዞራ አየችኝ። ከኋላችን ሰልፍ አለ፤ ሁሉም ይሰማል።

"አጠገቧ ነበርኩ" አልኩ። "ግን... በደንብ አላየሁትም።"

ጓደኛዬ ክንዴን ለቀቀችው።

ከለቅሶ የተመለሱት ቴክኒሻን ቅሬታው ሲደርሳቸው ኮምፒውተሮቹን አንድ በአንድ አዩ። አብሬያቸው ነበርኩ። የመስኮቱ ጋ ሲደርሱ ፋይሉን ከፍተው "ይቺም በደንብ ተዘግታለች" አሉ። ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። "ልጅቷ ረስታው ነው" ብለው ለሬጅስትራሩ ጻፉ። ያ ወረቀት ጓደኛዬን ውሸታም አድርጎ አስቀረ፤ እኔን ደግሞ ጎበዝ።

ለፋሲካ ጎባ ገባሁ። ምግብ አልበላ ስላልኩ እናቴ ከላይ እንዳልኩት የጠየቀችኝ ያን ጊዜ ነው። አባቴ ካርድ ሰጥቶኝ "ሙይልኝ" ሲለኝ ቁጥሩን ጻፍኩና መሰላሏ ላይ ስደርስ ጣቴ ቆመ። "ምነው? ዝጊያት እንጂ" አለኝ። ዘጋኋት።

ስመለስ ጓደኛዬ ልብሷን እያጣጠፈች አገኘኋት። አባቷ ሊወስዷት እየመጡ ነበር።

"ስታቲስቲክስ ተምሬ እናቶችን ልቁጠራቸው?" አለችኝ ሳታየኝ። "ውሸታም የተባልኩበት ቦታ አልቀመጥም። ቤቴ ሄጄ ቡና ብለቅም ይሻለኛል።"

አባቷ ከደሎ መና ሳነቴን አቋርጦ በሚመጣው አውቶቡስ ከሰዓት በኋላ ደረሱ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ዝግተኛ ሰው ናቸው። በግቢው በር ሰላም ስላቸው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙና "አንቺ ነሽ?" አሉኝ በተሰባበረ አማርኛ። "ፀሐይ ያለበት ቦታ ለልጄ የያዝሽላት? በስልክ ነግራኛለች። ኢንታለ ኮ፣ ልጄ፣ አላህ ይስጥሽ።" ከቦርሳቸው አንድ ጀሪካን የሃረና ማር አውጥተው ሰጡኝ። "እሷ ብትሄድም ይሄ ያንቺ ነው።"

ጓደኛዬ አጠገባቸው ቆማለች። በሬጅስትራሩ መስኮት ያደረግኩትን ለአባቷ አልነገረቻቸውም ማለት ነው። የነገረቻቸው ስለ ፀሐዩ ነው።

መናገር የነበረብኝ እዚያው ነበር። አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው "እግዜር ይስጥልኝ አባባ" የሚል ነው። ማሩን ተሸክሜ ገባሁ።

በማግስቱ ጠዋት ቴክኒሻኑ ክፍሉን ሲከፍቱ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኳቸው። ጀሪካኑን ይዤ ነበር፤ ለምን እንደያዝኩት አላውቅም።

"ጋሼ፣ አሮጌው ማሽን ላይ ያለው ግልባጭ አለ?"

"አለ። ዛሬ ላጠፋው ነበር። ለምን?"

"እንዳያጠፉት። የእሷ ምርጫ እዚያ ውስጥ ነው።"

ሁሉንም ነገርኳቸው። መሰላሏን ከኋላ ማድረጌን፣ ኋላም ማንም ሳያይ ወደ ፊት ማምጣቴን፣ በሬጅስትራሩ መስኮት "አላየሁትም" ማለቴን። እየሰሙኝ አሮጌውን ማሽን አስነሱ። ሦስት ቅጾች ተቀምጠውበታል። ሁለቱ ቴክኒሻኑ "ሙከራ" ብለው የሞሏቸው ናቸው። ሦስተኛው የጓደኛዬ ነው፤ ከነቀኑ፣ ከነሰዓቱ፣ አንደኛ ምርጫ ሚድዋይፈሪ።

ቀኑንና ሰዓቱን ወረቀት ላይ ገለበጡ።

"መሰላሏ ከኋላ መቀመጧ የእኔም ጥፋት ነው" አሉ። "መኪና ላይ ሆኜ በግማሽ አፍ ማዘዝ አልነበረብኝም። ስመለስም ራሴ አሮጌውን ማሽን ከፍቼ ማየት ነበረብኝ። ወደ ፊት ያመጣሻት ግን ስልክ ተቋርጦብሽ አይደለም።"

"አይደለም ጋሼ።"

"ማሩን አስቀምጪና ደብዳቤውን ጻፊ። በራስሽ እጅ። እኔ እፈርምበታለሁ።"

አውቶቡሱ ግን በማለዳ ሄዶ ነበር። ጓደኛዬን በስልክ ያገኘኋት ደሎ መና ከደረሱ በኋላ ነው። ሁሉንም ነገርኳት።

"ማል ጄቴ?" አለችኝ። ምን አልሽ ማለቷ ነው። በአማርኛ የነገርኳትን ሰምታው ነበር፤ ደግሜ እንድለው ነው የፈለገችው። ደግሜ አልኩት። ስልኩን ዘጋችው።

ደብዳቤው ለኮሚቴ ቀረበ። ኮሚቴው ፊት ቆሜ ያንኑ ደገምኩ፤ የሬጅስትራሩ ሠራተኛም ተቀምጣ ትሰማ ነበር። ግልባጩ ላይ ያለው ቀን ምርጫው ክፍት ከነበረበት ቀን ጋር ስለገጠመ ምርጫዋ ተቀባይነት አገኘ። ለእኔ ማስጠንቀቂያ ተጻፈልኝ። ቴክኒሻኑ የኮምፒውተሮቹን የይለፍ ቃል ቀየሩ። አዲሱን አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ጓደኛዬ ውሳኔውን ሰምታ ስትመለስ ዶርም ቀይራ ነበር። አልወቀስኳትም። በደረሰች በሁለተኛው ቀን ግን የመማሪያ ክፍሌ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

"ያቺን መስመር አሳዪኝ" አለች።

አብረን ወደ ኮምፒውተር ክፍሉ ሄድን። ቴክኒሻኑ ሁለታችንንም አዩን፤ አንድም ነገር ሳይጠይቁ የመስኮቱን ኮምፒውተር ፋይል ከፍተውልን ራቅ አሉ። በጣቴ አሳየኋት። ቁጥሩን አነበበች፣ ስሙን አነበበች፣ ከፊት ያለችውን መሰላል አየች።

"ይቺ ናት?"

"ይቺ ናት።"

"እንዲህ ስታዪያት ምንም ያጠፋች አትመስልም" አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ "ማሩን በላሽው?"

"አልበላሁትም። አልጋዬ ስር ነው።"

"አባዬ ይጠይቀኛል። ብዪው።"

"ይቅርታ አድርጊልኝ" አልኳት።

"እሱን በስልክም ብለሽኛል።"

ያደግኩት ጎባ ነው፤ ኦሮምኛዬ ግን የገበያ ነው፣ ዋጋ ለመጠየቅና ሰላም ለማለት ብቻ ይበቃኛል። ይቅርታ የሚለውን ቃል ፈልጌ "ዲፈማ" አልኳት። አነጋገሬን ሰምታ ሳቋ ሊያመልጣት ሲል አፏን በሻርፗ ያዘችው።

"መሰላል ከፊትም ሆነች ከኋላ አልወዳትም" አለች። "ሁለቱንም አጥፊልኝ፤ እሷንም መስመሯንም።"

ቴክኒሻኑ ከራቁበት ራሳቸውን ነቀነቁልኝ። ከመስመሯ መጨረሻ ጀምሬ ፊደል በፊደል አጠፋሁ፤ ስሙን፣ ቁጥሩን፣ መጨረሻ ላይ መሰላሏን። ከዚያ ጓደኛዬ ራሷ የሬጅስትራሩን ገጽ ከፈተችና ስሟን ፈለገች። ሚድዋይፈሪ ይላል። ሦስት ጊዜ አነበበችው። መስመሯ ከመስኮቱ ኮምፒውተር ላይ ሙሉ በሙሉ የጠፋችው ግንቦት 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው።